በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች ያሏቸው ወላጆች በሃይማኖት ጉዳይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ልጆቻቸውን የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚልኩ ወገኖቻችን በሃይማኖት ጉዳይ የሚሠሯቸው ስህተቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጩት ሕጉ ማንን እንደሚገድብ ካለመለየት ነው። በ1791 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጸደቀው የመጀመሪያው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሚገድበው መንግሥትንና በመንግሥት ስም የሚያስተምረውን መምህር እንጂ ተማሪውን አይደለም፤ እንዲያውም የተማሪውን እምነት የመግለጽ ነጻነት የሚጠብቅለት ይኸው ሕግ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ «እዚህ አገር ትምህርት ቤት ውስጥ መጸለይ ክልክል ነው» ብሎ ልጅን ማስፈራራት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1962 የከለከለው የኒው ዮርክ ባለሥልጣናት ያዘጋጁትን ጸሎት በክፍል ውስጥ ማስደገምን ነው። ልጅዎ ምሳውን ከመብላቱ በፊት አማትቦ ቢጸልይ ወይም በእረፍት ሰዓት ስለ እምነቱ ከጓደኛው ጋር ቢጫወት፣ ትምህርት እስካላወከና ሌላውን እስካላስጨነቀ ድረስ የሚከለክለው ሕግ የለም።

ሁለተኛው ስህተት ስለ ሃይማኖት ማስተማርንና ሃይማኖትን መስበክን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ፍርድ ቤቱ በ1963 ትምህርት ቤቶች የሚመሩትን የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ሲከለክል፣ መጽሐፍ ቅዱስንም ሆነ ሃይማኖትን ያለ አድልዎ እንደ አንድ የዕውቀት ዘርፍ ማስተማር እንደሚቻል በዚያው ውሳኔ ገልጿል። የታሪክ መምህሩ ስለ እስልምና ወይም ስለ ክርስትና ማስተማር ሲጀምር ደንግጠው ልጃቸውን ከክፍል ለማስወጣት የሚሮጡ ወላጆች አስቀድመው የቤት ሥራውን ወረቀት ቢያነቡ ይሻላል። «አምስቱን የእስልምና መሠረቶች ዘርዝር» የሚል ጥያቄ ዕውቀትን ይፈትናል፤ ልጁ የሚማርበትን ሃይማኖት ጸሎት እንደ ራሱ ጸሎት አድርጎ እንዲያደርስ ከታዘዘ ግን አቤት ማለት ይገባል። በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ ስለ ተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትና ስለ ፆታ ማንነት የሚተርኩ የልጆች መጻሕፍት በሚነበቡበት ሰዓት ልጆቻቸውን ማስወጣት የተከለከሉ ወላጆች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስደው፣ ሙስሊሞችና ኢትዮጵያውያን ኦርቶዶክሳውያንም አብረው ሰልፍ ወጥተው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2025 ክርክሩ እስኪቋጭ ድረስ ከሳሾቹ ልጆቻቸውን እንዲያስወጡ ፈቅዷል። ይሁን እንጂ ይህን ውሳኔ ያልተስማማንን የታሪክ ምዕራፍ ሁሉ ለማስዘለል መጠቀም፣ በእኔ እምነት፣ ልጆቻችንን ጎረቤታቸውን ከማወቅ ይከለክላቸዋል።

በዓልና ጾም ሲደርስ ብቻ ትምህርት ቤቱን ማነጋገርም ሌላው ስህተት ነው። ገና የሚውልበት ጃንዋሪ 7 ብዙውን ጊዜ የትምህርት ቀን ስለሆነ፣ ልጁ የሚቀርበት ምክንያት ሃይማኖታዊ በዓል መሆኑን ቀደም ብሎ በደብዳቤ ማሳወቅና ያመለጠውን ፈተና መቼ እንደሚፈተን መስማማት ያስፈልጋል። ስለ ጾም ሲጽፉ «ሥጋ አይበላም» ማለት አይበቃም፤ ሥጋ የሌለበት ምሳ ተብሎ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ አይብ ያለበት ፒዛ ነውና ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል አንድ በአንድ ይጻፉ። በረመዳን የሚጾም ልጅም በምሳ ሰዓት ምግብ ቤት ከመቀመጥ ይልቅ ቤተ መጻሕፍት እንዲቆይ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜም ቀለል ያለ እንቅስቃሴ እንዲሰጠው አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል።

ማተብንና ሂጃብን በተመለከተ፣ ትምህርት ቤቱ ኮፍያ ወይም የአንገት ጌጥ የሚከለክል ደንብ ካለው ዝም ብሎ ከመቀበል ይልቅ በሃይማኖት ምክንያት ልዩ ፈቃድ እንዲሰጥ በጽሑፍ ይጠይቁ።

በመጨረሻ፣ የእምነታችን ተከታይ የሆነ መምህር ሲገኝ «ልጆቹን ጸሎት ምራልን» ብሎ መለመን መምህሩን ከሕግ ጋር ማጋጨት ነው። በ2022 አንድ የእግር ኳስ አሠልጣኝ ከጨዋታ በኋላ በግሉ መጸለይ እንደሚችል ተፈርዶለታል፤ ተማሪዎችን በሥራው ላይ ሆኖ ጸሎት እንዲመራ ግን አልተፈቀደለትም። በ1984 የወጣው የእኩል ተጠቃሚነት ሕግ ግን ከመደበኛው ትምህርት ጋር የማይያያዙ ሌሎች የተማሪ ክበቦችን የሚያስተናግድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሃይማኖታዊ ክበብንም እንዲያስተናግድ ያስገድዳል። ክበቡን ማቋቋምና መምራት ያለባቸው ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ መምህር ሥርዓት ለማስከበር ብቻ ይገኛል፤ ካህንም ሆነ ኡስታዝ በየሳምንቱ እየመጣ ሊመራው አይችልም።