ተስሎም የማይቆርጥ ቢላ፦ የመጀመሪያ መሳያ ኪት ለሚገዙ ችግርና መፍትሔ

እኔ ዘንድ ከሚመጣው ቢላ የሚበዛው በአገልግሎት ብዛት የደነዘ ሳይሆን ባለቤቱ ሊስለው ሞክሮ ያቃተው ነው። መሳያ ተገዝቷል፣ ክንድ ዝሏል፣ ቢላው ግን ቲማቲም ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ "ምን ዓይነት ኪት ልግዛ?" ለሚለኝ ሁሉ የምመልሰው ከብልሽቱ ተነስቼ ነው። የትኛው ዕቃ የትኛውን ብልሽት እንደሚያመጣ ያወቀ ሰው በገበያው ብዛት አይደናገርም። ከድንጋዩ ሥር እርጥብ ጨርቅ እንደሚነጠፍ፣ ቢላው አስቀድሞ እንደሚታጠብ፣ ሕፃን ባለበት እንደማይሳል የታወቀ ነው ብዬ አልፋለሁ።

ምልክት፦ ለረጅም ሰዓት ተስሏል፣ ያብረቀርቃል፣ ግን አይቆርጥም

ከሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። በሆቴል ወጥ ቤትም፣ በየመኖሪያ ቤቱም፣ ከውጭ አገር በስጦታ በመጣ ውድ ኪትም ያው ነው።

ምክንያቱ ድንጋዩ የቢላውን አፍ አለመንካቱ ነው። ቢላ የሚቆርጠው ሁለቱ ጎኖቹ በሚገጣጠሙበት ቀጭን ጠርዝ ነው፤ ሲደንዝ ይህ ጠርዝ ይዶለዱማል። ጀማሪ ቢላውን ድንጋዩ ላይ በጣም ስለሚያስተኛው የሚሞረደው ከአፉ ከፍ ብሎ ያለው ትከሻ ይሆናል። ትከሻው እየሳሳ ያብረቀርቃል፤ የዶለዶመው ጠርዝ ግን እንደ ነበረ ነው። ባለቤቱም ጥፋቱን በድንጋዩ ሻካራነት አላክኮ ሌላ ለስላሳ ድንጋይ ይገዛል። በዚህ ጊዜ ነገሩ ይብሳል፤ ለስላሳ ድንጋይ ብረት የሚበላው በጣም በዝግታ ስለሆነ ጠርዙ ላይ ሳይደርስ ሰው ይሰለቻል።

በድግስ ምግብ ሥራ የምትተዳደር ጎረቤታችን ከዋሽንግተን ዘመዷ የላከላትን ኪት ይዛ መጣች። በሳጥኑ ውስጥ የነበሩት ድንጋዮች ቁጥር 3000 እና 8000 ናቸው፤ የድንጋይ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ድንጋዩ ይለሰልሳል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ይሻላል ብሎ የመረጠላት ሰው እንደነበረ ግልጽ ነው። ቢላው ፊት ያሳያል። በማግስቱ ለሠርግ የሚከተፍ ሽንኩርት በጆንያ ተቆልሏል፣ ቢላው ግን የሽንኩርቱን ልጣጭ እንኳ አይበሳም። አፉን በማርከር ቀብቼ በራሷ ድንጋይ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብኩት። ከላይ ያለው ቀለም ጠፋ፤ ጠርዙ ላይ ያለው ቀለም አልተነካም። ቁጥር 400 ድንጋይ ላይ ጀርባውን ትንሽ ከፍ አድርገን ከሳልነው በኋላ በ1000 ጨረስነው፤ ያን ሌሊት ሽንኩርቱ በሙሉ በዚያ ቢላ ተከተፈ። 8000 ቁጥሩ ድንጋይ ጨርሶ አላስፈለገም።

መፍትሔው ማርከር ነው። በቀላሉ የማይለቀውን ዓይነት ግዙ፤ የኪታችሁ ዋነኛ ዕቃ እሱ ነው። የአፉን ሁለቱንም ጎን ቀቡ፣ ሳትጫኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡ፣ ከዚያ ብርሃን ላይ ተመልከቱ። ቀለሙ ጠርዙ ላይ ከቀረ የቢላውን ጀርባ ከፍ አድርጉ። የጠፋው ከጠርዙ ላይ ብቻ ሆኖ ከላይ ያለው ከቀረ ዝቅ አድርጉ። ለወጥ ቤት ቢላ በየጎኑ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይበቃል። ወርዱ 4.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቢላ 15 ዲግሪ እንዲያገኝ ጀርባው ከድንጋዩ 1.2 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ 20 ዲግሪ እንዲያገኝ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነሳል። ወርዱ 3 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ትንሽ ቢላ 20 ዲግሪ ማለት 1 ሴንቲ ሜትር ነው። በማስመሪያ አንድ ጊዜ ለኩና እጃችሁን አስለምዱ።

ከዚያ አንዱን ጎን ብቻ ሳሉ። ድንጋዩ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ቀጭን የብረት ክር ወደ ማዶው ጎን ይታጠፋል። ይህን ክር ለማግኘት አውራ ጣታችሁን ከጀርባው ወደ አፉ፣ ከአፉም ወደ ውጭ አንሸራትቱ፤ ትንሽ ይቧጭራል። በአፉ ርዝመት ጣት ፈጽሞ አይሄድም! አፉን ተከትሎ የሄደ ጣት ይቆረጣል፣ ሌላ ዕጣ የለውም። የፈራ ሰው ጥጥ ያንሸራትት፤ ክሩ ባለበት ቦታ ጥጡ ይያዛል። ክሩ ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ ድረስ ሳይቋረጥ እስካልተገኘ ድረስ ጎን አትቀይሩ፣ ድንጋይም አትቀይሩ። ብዙውን ጊዜ መሃሉ ላይ ይገኝና እጀታው አጠገብና ጫፉ ላይ ይጠፋል፤ ሰው የሚቸኩለውም እዚያ ላይ ነው። ሁለቱም ጎን ክሩን ካወጣ በኋላ ጫናውን እየቀነሳችሁ፣ አንድ ጊዜ በዚህ አንድ ጊዜ በዚያ ጎን እያፈራረቃችሁ፣ በመጨረሻ በእጃችሁ ክብደት ብቻ ሳቡ።

ማዕዘን የሚያስጠብቀው ባለ መቆንጠጫ ኪትም ከዚህ ችግር አያድንም። አንድ የምግብ ቤት አብሳይ በማዕዘን መለኪያው 20 ላይ አስተካክሎ በሻካራው ድንጋይ በሚገባ ይስልና በለስላሳው ሲጨርስ ለውጥ ያጣ ነበር። ድንጋዮቹን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው፦ ለስላሳው ይወፍራል። በዚህ ዓይነት ኪት ድንጋዩ ሲወፍር ማዕዘኑ ዝቅ ስለሚል አፉን ሳይነካ ትከሻውን ብቻ ሲያሽ ኖሯል። ድንጋይ በቀየራችሁ ቁጥር በማርከር ቀብታችሁ ማዕዘኑን እንደገና አስተካክሉ። ቢላውን በሚቀጥለው ጊዜ ስትቆነጥጡትም እዚያው ቦታ ላይ ይሁን፤ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከሄደ ማዕዘኑ ሌላ ነው።

ምልክት፦ እንደተሳለ በደንብ ይቆርጣል፣ በማግስቱ ይደንዛል

የብረቱ ክር ሳይወገድ ቀርቷል። ክሩ ራሱ ስለታም ስለሆነ ጋዜጣ ይቆርጣል፣ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ግን ይታጠፋል። ጫና በሌለው እጅ እያፈራረቃችሁ ሳቡና ቆዳ ላይ፣ አፉን ወደ ኋላ አድርጋችሁ ወደ ጀርባው አቅጣጫ ብቻ ጎትቱ። እንጨት ላይ የተለጠፈ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ይበቃል፤ በየኪቱ ውስጥ የሚጨመረውን የፕላስቲክ ቆዳ ተዉት።

ክሩ ተወግዶም የሚደንዝ ከሆነ መክተፊያችሁን ተመልከቱ። ብረት ትሪ ላይ፣ ሸክላ ሰሃን ላይ፣ የመስታወት መክተፊያ ላይ የሚቆርጥ ሰው ምንም ዓይነት መሳያ ቢገዛ ገንዘቡን ጥሏል። እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይሁን። የመስታወት መክተፊያ የሚሸጡ ሰዎች ቢላ ይዘው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ብረቱ ራሱ ለስላሳ ሊሆንም ይችላል። የጀርመን የወጥ ቤት ቢላ ጥንካሬው በሮክዌል መለኪያ ወደ 56 እና 58 ገደማ፣ የጃፓኑ አብዛኛውን ጊዜ 60 እና ከዚያ በላይ ነው። ቁጥሩ ጨርሶ ያልተጻፈበትን ርካሽ ቢላ 20 ዲግሪ ላይ ሳሉት፤ 15 ላይ ጠርዙ ይታጠፋል።

ምልክት፦ አፉ ተሸራርፎ መጋዝ ሆኗል

አንደኛው ምክንያት ቢላው በስንጥቅ ውስጥ የሚጎተትበት ትንሽ መሳያ ነው። በየሱቁ "ለጀማሪ" ተብሎ የሚሸጠው እሱ ነው፣ ለጀማሪ ከሁሉ የማይሆነውም እሱ ነው። በስንጥቁ ውስጥ ያሉት ጠንካራ ብረቶች አፉን አይስሉም፤ ይገሸልጡታል። ለጥቂት ቀን ይቆርጣል፣ ከዚያ የባሰ ይደንዛል፣ እንደገና ይጎተታል፣ ቢላው ከዓመት ዓመት ይጠባል። ጠንካራ የጃፓን ቢላ ላይ ፈጽሞ አትጠቀሙበት። ውድ ቢላ ላይ አትጠቀሙበት። አትግዙት።

ሁለተኛው ምክንያት አጥንት ነው። በፋሲካና በገና በቀጭን የቁርጥ ቢላ ላይ በመዶሻ እየመቱ አጥንት የሚፈነክቱ ሰዎች ከበዓሉ ማግስት ይመጣሉ፤ ለአጥንት መጥረቢያ አለ። መፍትሔው ሁለቱንም ጎን 400 ቁጥር ላይ ሽርፉ እስኪጠፋ መሞረድና እንደ አዲስ መሳል ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ምልክት፦ አፉ አካባቢ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ቀለም ወጥቷል

ግራይንደር (በፍጥነት የሚሽከረከር መሞረጃ) ላይ ተስሎ ተቃጥሏል። ብረት ሰማያዊ የሚሆነው 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ቀጭኑ አፍ እዚያ ለመድረስ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል፣ ጥንካሬውንም ያጣል። ውኃ ውስጥ መንከር ያጣውን አይመልስለትም። ቀለሙ ያለበት ክፍል በሙሉ በእርጥብ ድንጋይ እስኪወገድ ድረስ መሞረድ አለበት። መንገድ ላይ ቢላ ለሚስል ሰው ስትሰጡ አጠገቡ የውኃ ዕቃ መኖሩንና ቶሎ ቶሎ መንከሩን እዩ።

ምልክት፦ ድንጋዩ አይበላም፣ ቢላው ይንሸራተታል

የምግብ ዘይት ጠጥቶ ደርቋል። በነጭ ጋዝ፣ እሳት በሌለበት ቦታ፣ በብሩሽ አሹት፤ ከዚያ በኋላ የስፌት ማሽን ዘይት ብቻ ተጠቀሙ። የውኃ ድንጋይ፣ ማለትም በውኃ እየረጠበ የሚሠራበት፣ ዘይት ፈጽሞ አይነካውም። የአልማዝ ሰሌዳ (የአልማዝ ብናኝ የተለጠፈበት ጠፍጣፋ ብረት) ከሆነ ደግሞ ተጭናችሁ አልማዙን አራግፋችሁታል ማለት ነው፤ መፍትሔ የለውም። አዲስ የአልማዝ ሰሌዳ መጀመሪያ ላይ ከቁጥሩ በላይ ሻካራ መሆኑ ግን ብልሽት አይደለም፤ ሲሠራበት ይለዝባል።

ምልክት፦ ድንጋዩ መሃሉ ጎድጉዷል

ላዩን በእርሳስ መስመር አስምሩ፣ መስታወት ላይ በተዘረጋ እርጥብ ብርጭቆ ወረቀት እርሳሱ እስኪጠፋ እሹት። የጎደጎደ ድንጋይ ላይ ማዕዘን መጠበቅ አይቻልም።

ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላ በጠፍጣፋ ድንጋይ አይሳልም። የሴራሚክ ቢላ ከአልማዝ በስተቀር አይበላውም። የውኃ ድንጋይ የሚሰነጠቀው እርጥብ እንደሆነ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት

አንድ ጎኑ 400፣ ሌላው ጎኑ 1000 የሆነ፣ ርዝመቱ ከ18 ሴንቲ ሜትር የማያንስ አንድ ድንጋይ፣ ማርከርና ቆዳ፤ ለመጀመሪያ ዓመት ሌላ አያስፈልግም። አሥራ ሁለት ዕቃ በአንድ ሳጥን የሚለውን እለፉት፤ ሳጥኑን የሚሞላው መቆሚያ፣ ጓንትና የማይታወቅ ድንጋይ ነው። የድንጋይን ቁጥር ከብርጭቆ ወረቀት ቁጥር ጋር አታስተያዩ፤ በአውሮፓ ልክ 1000 የተባለ ብርጭቆ ወረቀት ከጃፓኑ 1000 ድንጋይ ይሻክራል። ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱና በጠርዙ ድንጋዩ ላይ አቁሙት፤ ብርሃን በሥሩ ካሳለፈ ድንጋዩ ገና ከፋብሪካው ጠማማ ነው። በሁለቱም ገጽ ላይ ጥፍራችሁን አስኪዱ፤ የሻካራውና የለስላሳው ልዩነት ካልተሰማችሁ፣ ወይም ቁጥሩ ድንጋዩም ካርቶኑም ላይ ካልተጻፈ፣ ለሻጩ መልሱለት።