ብረት የገባለትን እግር መርገጥ እንዴት ይጀመራል?

«ብረት ገብቶለት የለ፣ ይርገጥበት እንጂ!» የሚል ጠያቂ ከታማሚ አልጋ አጠገብ አይጠፋም። ብረቱ ግን አጥንቱ እስኪገጥም ቦታውን ይዞለት ይቆያል እንጂ አጥንቱን አይተካም። ሳይገጥም ያለ ልክ ከተረገጠ ብሎኑ ይሰበራል፣ ብረቱም ይጣመማል። ተፈቅዶለት ሳለ ፈርቶ እግሩን አንጠልጥሎ የሚከርም ሰው ደግሞ ጡንቻው ይመነምናል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪምዎን በቁጥር ይጠይቁ፦ ምንም አልርገጥ? መሬት ላስነካ ብቻ? ስንት ኪሎ ላሳርፍ? ወይስ ሕመሙ እስከፈቀደ? የጎረቤት ልምድ እዚህ አይሠራም። ጭኑ ወይም ቅልጥሙ መሃል ላይ ተሰብሮ በአጥንቱ ውስጥ ዘንግ የገባለት ሰው ብዙውን ጊዜ ቶሎ እንዲረግጥ ይፈቀድለታል። ስብራቱ ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያ ውስጥ ከገባ ግን ከ6 እስከ 12 ሳምንት ሊከለከል ይችላል።

ክራንቹ ከብብት በታች 2 ወይም 3 ጣት ክፍተት ይተው፤ መያዣው የእጅ አንጓ ጋ ይድረስ። የሚደገፉት በእጅ ነው። በብብት መንጠልጠል ነርቭ ስለሚጫን እጅ ያደነዝዛል።

አስቸጋሪው ልኩን እግር ማስለመድ ነው። «20 ኪሎ» ከተባሉ በግምት አይሆንም፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ያሳልፋል። የሰውነት ሚዛን ይፈልጉ። መርፌ ያለው ይሻላል፤ ዲጂታሉ ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ላይ ስለሚቆም ጫናው ከፍና ዝቅ ሲል አይታይም። መንገድ ዳር ሰው የሚመዝኑ ልጆች የሚይዙት ዓይነት ይበቃል። ደልዳላ ወለል ላይ አስቀምጠው፣ ከጎኑ በቁመት እኩል የሆነ ጣውላ ያድርጉና ደህናውን እግር እሱ ላይ ያቁሙ፤ ከፍታው ከተበላለጠ ሰውነት ያዘነብልና ቁጥሩ ያሳስታል። በሁለቱ ክራንች ተደግፈው የተሠራውን እግር ሙሉ ውስጥ እግሩን ሚዛኑ ላይ ያሳርፉ። መርፌው 20 ሲደርስ ቆም ብለው ስሜቱን ይያዙት። ቀጥሎ እርስዎ ሳያዩ ሌላ ሰው እያነበበ ይድገሙት። ቆመው የለመዱት ልክ ሲራመዱ ስለሚጨምር፣ በመጨረሻ ሚዛኑን እንደ አንድ እርምጃ እየረገጡ ይለፉ። ስሜቱ ቶሎ ስለሚጠፋ በየጠዋቱ ከመራመድ በፊት ይለኩ።

ሲራመዱ ክራንቾቹ ይቀድማሉ፣ የተሠራው እግር ይከተላል፣ ደህናው ይጨርሳል። በጣት ብቻ አይርገጡ፤ ተረከዝ ይቅደም። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር፣ ሲወርዱ ክራንቹና የተሠራው ይቀድማሉ።

የሀዋሳ ኮብልስቶን ሲዘንብ ያንሸራትታል፤ የክራንቹ ጎማ ካለቀ ሳይውል ሳያድር ይቀየር፣ ነጠላ ጫማም ይቅር። ለቀጠሮ ሲሄዱ ባጃጅ ኮንትራት ይያዙ። ጀርባዎን ሰጥተው መጀመሪያ ይቀመጡ፣ ከዚያ እግርዎን ያስገቡ፤ ብቻዎን ስለሆኑ ወንበሩ ላይ መዘርጋትም ይችላሉ።

ኪሎ ከተጨመረ በኋላ ሕመሙ ወይም እብጠቱ አድሮም ካልቀነሰ ወደ ቀድሞው ይመለሱና ለሐኪሙ ይንገሩ። ባትዎ ካበጠና ካመመ በፍጹም አያሹት፣ ወጌሻም አይንካው፤ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ደቂቃ አይጠብቁ። ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣም ሳይዘገዩ ሆስፒታል ይሂዱ።

አንዱን ክራንች እንዲተዉ ሲፈቀድ፣ የቀረው የሚያዘው በደህናው እግር በኩል ባለው እጅ ነው፤ ብዙ ሰው በተቃራኒው ይይዘዋል።