ከመጠለያ ውሻ ወይም ድመት ልትወስዱ ስታስቡ

ከፍርግርጉ ጀርባ የምታዩት ውሻ ቤታችሁ ገብቶ የሚኖረው ውሻ አይደለም። ከመጠለያ እንስሳ ወስዶ ያሳደገ ሰው ሁሉ ይህን ይነግራችኋል። ችግሩ፣ የሚነግራችሁ ከወሰዳችሁ በኋላ ነው። ጥግ ይዞ የተኮራመተው፣ ስትጠሩት ዓይኑን እንኳ የማያነሳው ውሻ ከጥቂት ወራት በኋላ ሶፋውን ተቆጣጥሮት ታገኙታላችሁ። ገና ሲያያችሁ ጭራውን እየቆላ የሚዘለው ደግሞ ቤት ሲገባ ለአፍታ ብቻውን መቅረት አቅቶት በሩን ሲቧጭር ሊውል ይችላል። ስለዚህ ሥራው ባብዛኛው መጠየቅና መታገስ ነው። መልክ መምረጡ ከሁሉም ቀላሉ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመገመት አይከብድም። መጠለያ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ጩኸት አለው፣ ሽታ አለው፣ የማያውቁት ሰው ሲገባ ሲወጣ ይውልበታል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ መጠለያ ከገቡ ገና ከ1 እስከ 3 ቀን የሆናቸው ውሾች ደም ውስጥ ያለው ኮርቲዞል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ቤት ውስጥ ከሚኖሩ ውሾች ወደ 3 እጥፍ የተጠጋ ሆኖ አግኝቶታል። እዚህ ሁኔታ ላይ ያለን ፍጥረት አይቶ «ይሄ ኃይለኛ ነው»፣ «ይቺ ሰው አትወድም» ብሎ መፍረድ ድንገተኛ ክፍል ያገኙትን ሰው ጠባይ እንደመገምገም ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት

ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይስማማ። «ሲያዩት ይወዱታል» የሚባለው ነገር አንዳንዴ ይሠራል፣ ሌላ ጊዜ ግን እንስሳው በዚሁ ምክንያት ወደ መጠለያው ይመለሳል። ተከራይ ከሆናችሁ አከራያችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቤት ውስጥ አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ካለ መጠለያው ሄዶ ከእንስሳው ጋር ትንሽ ይቆይ፣ በወሬ አይወሰንም።

ዕድሜውንም አስቡት። ቤት ውስጥ የምትኖር ድመት 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች። ውሻ እንደ ዝርያው ይለያያል፣ ብዙዎቹ ከ10 እስከ 13 ዓመት ይሄዳሉ፣ ትናንሾቹ ደግሞ ከዚያ ያልፋሉ። ዛሬ ልጄ ለመነኝ ብላችሁ የምትወስዱትን ቡችላ፣ ያ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ከቤት ሲወጣ የምታበሉት እናንተው ናችሁ።

ቡችላ ካልኩ አይቀር፦ ሰው ሁሉ ቡችላ ይፈልጋል። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ውሻ ለሚያሳድግ ሰው ትልቁን ውሻ ነው የምመክረው፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ዓመት የሆነውን። የሁለት ወር ቡችላ ሽንቱን ከሁለት ሦስት ሰዓት በላይ መያዝ አይችልም፣ ማታም ያው ነው። የወንበር እግር፣ ጫማ፣ የቻርጀር ገመድ ሁሉ አፉ ውስጥ ይገባል። ምን ያህል እንደሚያድግ፣ ጠባዩ ምን እንደሚሆን ገና አይታወቅም። ትልቁ ውሻ ግን ቁመቱም ጠባዩም ያለቀለት ነው፣ ከሚንከባከቡት ሰዎች ጠይቆ ማወቅ ይቻላል። ድመትም እንደዚሁ። አንድ ወዳጄ የድመት ግልገል ልውሰድ ብሎ ሄዶ አንድ ዓይኗ የጠፋ አሮጊት ድመት ይዞ መጣ። ግልገሎቹ እጁን ሲቧጭሩት እሷ ጉልበቱ ላይ ወጥታ ተኛችበት፣ ከዚያ በኋላ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም።

መጠለያው ውስጥ ማንን እንጠይቅ?

ቢሮ ያለውን ሳይሆን ክፍሉን የሚያጸዳውንና የሚመግበውን ሰው ፈልጉ። ያ ሰው ነው የሚያውቀው። ውሻው ሲበላ ሰው ሲጠጋው ምን ይላል? ሌላ ውሻ ሲያይስ? ሲነካ የማይወደው ቦታ አለ? ማታ ይጮኻል? ከየት መጣ፣ መንገድ ላይ ተገኝቶ ነው ወይስ ሰው አምጥቶት? ከዚህ በፊት ተወስዶ የተመለሰ ከሆነ ደግሞ ለምን? ይቺን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው አይጠይቅም፣ ከጠየቀም «ተመልሷል» ሲባል ይሸሻል። አትሽሹ፣ ምክንያቱን ስሙ። «ቤት አፈረሰ» ተብሎ የተመለሰ አንድ ውሻ አውቃለሁ። ነገሩ ሲጣራ ውሻው ገና ዓመት ያልሞላው ወጠምሻ ነው፣ ጠዋት ተቆልፎበት ማታ ነው የሚከፈትለት። አሁን ያሉት ባለቤቶቹ ጠዋትና ማታ ያናፍሱታል፣ ትራሱም መጋረጃውም እስካሁን በሰላም አለ።

ክፍሉ ጋ ስትደርሱ ፊት ለፊት ቆማችሁ አታፍጥጡበት። ጎን ሰጥታችሁ ቁጭ በሉ፣ እጃችሁን በፍርግርጉ አታስገቡ፣ ዝም በሉ። ከዚያ ተመልከቱ። እንቅልፍ ሳይመጣበት የሚያዛጋ፣ የሚበላ ነገር ሳይኖር ከንፈሩን የሚልስ፣ ፊቱን የሚያዞር፣ ጭራውን እግሮቹ መሃል የሸጎጠ ውሻ «ፈርቻለሁ፣ ፋታ ስጡኝ» እያለ ነው። ይህ መጥፎ ምልክት አይደለም፣ በቋንቋው እያናገራችሁ ነው። መላ አካሉ ድርቅ ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ የዓይኑ ነጭ እስኪታይ በጎን የሚያያችሁን ግን አትጠጉት። ጭራ መቁላትም ሁልጊዜ ደስታ አይደለም። ጭራው ወደ ላይ ተገትሮ በአጭር በአጭሩ የሚርገበገብ ከሆነ ጠንቀቅ በሉ።

ከተቻለ ከክፍሉ አውጥተው ጸጥ ያለ ቦታ እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ። ልጆች ካሏችሁ ልጆቹም፣ ውሻ ካላችሁ ውሻችሁም ይምጣ። በሌላ ቀንም ተመለሱና እዩት፣ የመጀመሪያው ቀን ያያችሁት ጠባይ ሁለተኛው ቀን ላይደገም ይችላል። «አሁኑኑ ካልወሰዳችሁ» ብሎ የሚያጣድፍ መጠለያ ካጋጠማችሁ እኔ ብሆን ወደ ሌላ እሄዳለሁ።

ጤናውን በወረቀት

ክትባቱንና የትል መድኃኒቱን የሚያሳይ ወረቀት ተቀበሉ። ቀኑ ይጻፍበት፣ «ተከትቧል» የሚል ቃል ብቻ አይበቃም። ቡችላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው ላይ ይጀምርና በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እየተደገመለት እስከ 16 ሳምንት ይቀጥላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ባብዛኛው 12 ሳምንት ሲሞላው ይሰጥና ከዓመት በኋላ ይደገማል። አንዴ የተወጋ ቡችላ ጨርሷል ማለት አይደለም፣ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

ፓርቮ የሚባለውን የቡችላ በሽታ በተለይ እወቁት። ቫይረሱ ከገባበት በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ይወስዳል። ስለዚህ ከመጠለያ ሲወጣ ደህና የነበረው ቡችላ ቤታችሁ ከገባ በኋላ ሊታመም ይችላል። መብላት ካቆመ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካያችሁ «እስኪ እስከ ነገ እንየው» አትበሉ፣ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ጋ ይዛችሁት ሂዱ። ቫይረሱ ግቢ ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ ተራ ሳሙናም አያጠፋውም፣ ወለሉን በበረኪና ማጠብ ያስፈልጋል። ከዚህ በፊት በፓርቮ የሞተ ቡችላ የነበረበት ቤት ከሆነ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ አታምጡ።

ድመት ላይ የሚበዛው ማስነጠስና የዓይን እንባ ነው፣ መጠለያ ውስጥ እንደ ጉንፋን ይዛመታል። ባብዛኛው ይድናል። ሌላ ድመት ካላችሁ ግን አዲሷን ለሁለት ሳምንት ያህል በሌላ ክፍል አቆዩዋት። በመጀመሪያው ሳምንት የእንስሳት ሐኪም ይያት፣ ቁንጫውም መዥገሩም ትሉም አብሮ ይታያል። እርጉዝ ሴት ቤት ውስጥ ካለች ድመቷን ማስወጣት አያስፈልግም። የመጸዳጃ አሸዋውን ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳ፣ ምክንያቱም ቶክሶፕላዝማ የሚባለው፣ ፅንስ ሊጎዳ የሚችለው ጥገኛ ተሕዋስ ዓይነ ምድሩ ውስጥ ከወጣ በኋላ ሰው ሊይዝ የሚችለው አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው።

ማምከኑን መጠለያው ካልሠራው መቼ እንደምታሠሩት ተነጋገሩ። ድመት 4 ወር ሲሆናት ልታረግዝ ትችላለች። ገና ልጅ ናት ስትሉ አያት ያደረገቻቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ዘመድ ጎረቤት አትጥሩ። አትጠቡት። ፎቶውም ይቆይ። አዲስ የመጣ እንስሳ የሚፈልገው ውኃ፣ ምግብ፣ የራሱ ጥግና ዝምታ ነው። መጠለያዎች አካባቢ 3-3-3 የሚሏት ነገር አለች። ለመረጋጋት 3 ቀን፣ የቤቱን ደንብ ለመልመድ 3 ሳምንት፣ «ቤቴ ነው» ለማለት 3 ወር። ሕግ አይደለችም፣ አንዱ ይፈጥናል አንዱ ይዘገያል፣ ግን በሁለተኛው ቀን ተስፋ ከመቁረጥ ታድናለች።

በሩን! አዲስ ውሻ በብዛት የሚጠፋው በነዚሁ ቀናት ነው። ስሙን አይለይም፣ መንገዱን አያውቅም፣ እናንተንም ገና አልለመደም፣ አንድ ነገር ካስደነገጠው ይፈረጥጣል። ከመኪና ሲወርድ ማሰሪያው እጃችሁ ላይ ይሁን፣ የመኪናው በር የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። የአንገት ቀበቶው በጭንቅላቱ እንዳይሾልክ ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን፣ ስልክ ቁጥራችሁም ከዛሬ ጀምሮ ይንጠልጠልበት። ግቢ ውስጥም ቢሆን ለጊዜው በማሰሪያ አውጡት።

ምግቡን በአንዴ አትለውጡ። መጠለያው ሲሰጠው የነበረውን ጠይቁና ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ እያቀላቀላችሁ ወደ አዲሱ አሻግሩት፣ አለበለዚያ ሆዱ ይታወካል፣ እናንተም በሽታ መስሏችሁ ትደነግጣላችሁ። ቸኮሌት፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ወይንና ዘቢብ አታቅምሱት። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ለድመት ደግሞ የሰው መድኃኒት በጭራሽ፣ ፓራሲታሞል ይገድላታል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፣ እና በመጀመሪያው ሰሞን ከሁሉም የሚፈራውን የቤቱን ሰው መጋቢ አድርጉት። ፍርሃቱ ቶሎ ይለቀዋል።

ድመት ከሆነች አንድ ክፍል ብቻ ስጧት። ምግቧን በአንዱ ጥግ፣ መጸዳጃዋን ራቅ አድርጋችሁ በሌላው፣ መደበቂያ የሚሆን ካርቶን ደግሞ መሃል ላይ። አልጋ ሥር ከገባች አትጎትቷት። ክፍሉ ውስጥ ወለል ላይ ቁጭ ብላችሁ ስልካችሁን ነካኩ፣ ወይም ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ የሆነ ነገር አንብቡ። ስታያችሁ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ በቀስታ ግለጡ። እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ ውስጥ የወጣ ጥናት፣ ድመቶች እንዲህ ላደረገላቸው ሰው መልሰው እንደሚጨፍኑና ቀረብ እንደሚሉ አሳይቷል። መጀመሪያ የምታዩት አፍንጫዋን ነው፣ ቀጥሎ አንድ እግር፣ ከዚያ ድምፅ ሰማች መሰለኝ ትመለሳለች። ማታ ስትተኙ ግን ከመደበቂያዋ ወጥታ ክፍሉን ትዞራለች፣ ጠዋት ሳህኑ ባዶ ይሆናል። ሳህኑ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይነካ ካደረ ሐኪም ጋ ደውሉ፣ ድመት ሳትበላ ስትቆይ ጉበቷ ይጎዳል።

ልጆች ያላችሁ፣ ደንቡ አጭር ይሁን፦ ሲበላ አይነካም፣ ሲተኛ አይነካም፣ አይታቀፍም። ልጅና ውሻን ብቻቸውን ትታችሁ አትውጡ፣ ውሻው የቱንም ያህል ጨዋ ቢሆን። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የራሳችን ውሻ ነው፣ ተከትቧል ብላችሁ አትቅሩ።

ካልሆነስ?

አንዳንዴ አይሆንም። ውሻው ቤት ያለችውን ድመት ያሳድዳል፣ ወይም ልጁ እየፈራ ከክፍሉ አልወጣም ይላል። ለመጠለያው ቶሎ ደውሉ፣ መፍትሔ የሚሰጥ አሠልጣኝ ወይም ሐኪም ሊጠቁሟችሁ ይችላሉ። ካልተቻለ መልሱት። ሰው ምን ይለኛል ብሎ መንገድ ላይ መልቀቅ ወይም ለማያውቁት ሰው መስጠት ነው የሚያሳፍረው። ስትመልሱት ያያችሁትን ሁሉ ሳታሳምሩ በወረቀት ጻፉላቸው፦ ምን አስፈራው፣ ምን ወደደ፣ ማታ የት ተኛ፣ ማንን ተከተለ። መኪና ውስጥ ያስመልሰዋል? እሱንም ጨምሩ።