ከድሬና ከሐረር መጥታችሁ ከለሪስት ለመሆን ላሰባችሁ

ድሬዳዋ ላይ ሰርጉን የሚቀርጸው፣ ኤዲት የሚያደርገው፣ ቀለሙን የሚያስተካክለው፣ ዘፈን ጨምሮ በፍላሽ የሚያስረክበው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ውጭ አገር ይህ ሥራ ለአምስት ለስድስት ሰው ተከፋፍሏል። ከለሪስቱ ኤዲቲንግ ካለቀ በኋላ ተቀምጦ የእያንዳንዱን ሾት ብርሃንና ቀለም ያስተካክላል፣ ሾቶቹን እርስ በርስ ያመሳስላል፣ ከዚያም ሲኒማው ወይም ጣቢያው በሚጠይቀው ልክ ያስረክባል። ማመልከቻችሁ ላይ «ካሜራማን፣ ኤዲተር፣ ከለሪስት፣ ድሮን» ብላችሁ ከደረደራችሁ አንዱንም በደንብ አይችልም ተብላችሁ ትታለፋላችሁ። ሌላም ቶሎ ቢታወቅ የሚሻል ነገር አለ፤ የዚህ ሙያ መግቢያ የፋይል ሥራ ነው። ዓይናችሁ የሚፈተነው ከገባችሁ በኋላ ነው።

ከአገር ቤት የሚመጣው ዲስክ

ገና ካልተነሳችሁ፣ ወይም ካሜራ ያለው ጓደኛ እዚያ ካላችሁ፣ መለማመጃና ማሳያ የሚሆን ቀረጻ ይዛችሁ ኑ። የምታመጡት ከካሜራው የወጣውን ዋናውን ፋይል ይሁን። ለደንበኛ ተጨምቆ የወጣ የሰርግ ቪዲዮ ቀለሙ አንዴ ተጋግሮበታል፤ ትንሽ ስትጎትቱት ሰማዩ ላይ መስመር መስመር ያወጣል።

ምን ይቀረጽ? ከፊራ ገበያ በቀትር፦ በአንድ ፍሬም ውስጥ የሸራ ጥላና የሚያቃጥል ፀሐይ አብረው አሉ። ከዚራ ዛፎቹ ሥር፦ ቅጠሉ ፊት ላይ አረንጓዴ ይጥላል። ጁገል ውስጥ ጠባቡ መንገድ ላይ፦ የተቀባው ግድግዳ ቀለሙን ጉንጭ ላይ ያንጸባርቃል፤ አንዱ ሾት ላይ ሰውየው ሰማያዊ፣ ቀጣዩ ላይ ቢጫ ሆኖ ይመጣል። የሐረሪ ቤት ውስጥ፦ ቀይ መደብ፣ ግድግዳው ላይ ስፌት፣ ብርሃን በበር በኩል ብቻ። ማታ የጅብ ማብላቱ፦ የመኪና መብራትና ጭለማ፣ ጭለማው ውስጥ ደግሞ ኖይዝ፣ ማለትም ምስሉ ላይ የሚርመሰመስ ነጠብጣብ። አንድ ከለሪስት የሚገጥመው ችግር በአብዛኛው እዚህ ውስጥ አለ፤ እኛ አገር ፀሐዩ ለዚህ ትምህርት ለጋስ ነው።

እያንዳንዱን ቦታ ከስድስት እስከ ስምንት በሚሆኑ ሾቶች ያዙት፤ ሰፊ፣ መካከለኛ፣ ቅርብ። መጀመሪያው ላይ ግራጫ ካርድ አሳዩ፤ በኋላ ቀለሙን የምትለኩበት ነው። ካሜራው 10 ቢት ከሆነ፣ ማለትም ብዙ የቀለም ደረጃ የሚመዘግብ ከሆነ፣ በሎግ ቅረጹ፤ ሎግ ብርሃኑንም ጥላውንም ለማቆየት ምስሉን አገርጥቶ የሚቀርጽ ነው። 8 ቢት ብቻ ከሆነ ሎጉን ተዉት፤ ሲዘረጋ ይሰነጣጠቃል። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ በ1/50 ሻተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት የሰከንድ ክፍልፋይ) መቅረጽ እኛ ጋ ይሠራል፣ ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ ነውና። ሰሜን አሜሪካ ግን 60 ኸርዝ ስለሆነ በዚያው ልክ አምፖል ሥር ብትቀርጹ ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል፤ ሻተሩን ወደ 1/60 አዙሩት። ሁለት ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ ማክም ዊንዶውስም እንዲያነበው በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት።

የሰው ሰርግ ከሆነ በጽሑፍ ፈቃድ ውሰዱ። ሰርግ ውስጥ የተቀረጸ ፊት የቤተሰብ ገመና ነው፤ በተለይ ሴቶች ለብቻቸው የተቀመጡበትን ክፍል ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ጠብ ያመጣል።

ክፍልና ስክሪን

ከምንም በፊት የቀለም ዕይታ ምርመራ አድርጉ። የቀለም መለየት ችግር በወንዶች ላይ በብዛት ይታያል፣ ከሰሜን አውሮፓ ዝርያ ባላቸው ወንዶች ወደ 8 በመቶ ይደርሳል፤ ብዙው ሰው ሳያውቀው ይኖራል። የዓይን ሐኪም ጋ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ የኢሺሃራ ፈተና ነው።

ሶፍትዌሩ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው። ነፃው እትም እስከ 3840 በ2160 እና እስከ 60 ፍሬም ያወጣል፤ ለመጀመሪያ ዓመት ይበቃችኋል። የሚጎድለው በዋናነት ኖይዝ ማጽጃው ነው። ስቱዲዮ የሚባለው እትም አንዴ 295 ዶላር ተከፍሎበት የሚያልቅ ነው። አምራቹ ማሠልጠኛ መጽሐፍና መለማመጃ ፋይል በድረ ገጹ በነፃ ይሰጣል። ኳስ ኳስ ያሉበትን መቆጣጠሪያ ፓነል ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ስክሪኑ ይሂድ።

ስክሪኑ የሚስተካከለው በሬክ 709 (የቴሌቪዥን የቀለም ደረጃ)፣ በጋማ 2.4 (ብርሃኑ ከጥቁር ወደ ነጭ የሚወጣበት ልክ)፣ በ100 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ)፣ ነጩ በ6500 ኬልቪን ግድም ሆኖ ነው። ይህ በዓይን አይገመትም፤ ስክሪኑ ላይ የሚለጠፍ መለኪያ ግዙ ወይም ተዋሱ። ማታ ማታ ስክሪኑን የሚያቢጫውን፣ እንደ ክፍሉ ብርሃን የሚለዋወጠውን፣ ኮንትራስት በራሱ የሚጨምረውን ማስተካከያ ሁሉ አጥፉ። ሲቻል ደግሞ አልትራስቱዲዮ ሞኒተር 3ጂን በመሰለች ትንሽ ሣጥን በኩል አገናኙት፤ ያኔ ኮምፒዩተሩ ቀለሙን ሳይነካካው ስክሪኑ ላይ ይደርሳል። ማክ ላይ የጨረሳችሁት ሥራ በኩዊክታይም ስትከፍቱት ገርጥቶ ከታየ ፋይሉ ላይ ያለው የጋማ መለያ በሌላ መንገድ እየተነበበ ነው። ለማካካስ ብላችሁ ግሬዱን (የቀለም ሥራውን) አታጨልሙት፤ ሌላው ቦታ ሁሉ ጨለማ ሆኖ ይደርሳል።

አዲስ መጤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በጋራ ቤት ነው፣ ግድግዳ መቀባት አይፈቀድም። ከስክሪኑ ጀርባ ግራጫ ጨርቅ ስቀሉ፣ ከኋላ 6500 ኬልቪን የሆነ ደብዛዛ መብራት አድርጉ። ቤቱ ውስጥ የምታገኙት ቢጫ አምፖል ዓይናችሁን ያስለምደውና ስክሪኑ ሰማያዊ ይመስላችኋል፤ እሱን ልታርሙ ስትሉ ሥራችሁ በሙሉ ቢጫ ይወጣል። መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ዝጉ። በሰሜኑ አገር በብርዱ ወራት ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ይጨልማል፣ በሙቀቱ ወራት ደግሞ እስከ ማታ 4 ሰዓት ብርሃን አለ፤ መጋረጃ ከሌለ የጥርና የሰኔ ሥራችሁ አንድ አይሆንም።

የእኛ ፊት

ቬክተርስኮፑ (የቀለሙን ዓይነትና መጠን የሚያሳየው መለኪያ) ላይ የቆዳ መስመር የሚባል አለ። የሁሉም ሰው ቆዳ፣ ቀይ ይሁን ጠይም ይሁን ጥቁር፣ በዚያ መስመር አካባቢ ይወድቃል፤ የሚለያየው ብርሃኑና የቀለሙ መጠን ነው። ችግሩ የሚመጣው ብርሃኑን ከ0 እስከ 100 ከሚያሳየው መለኪያ፣ ከዌቭፎርሙ ነው። ብዙ ትምህርቶች ፊትን ከ60 እስከ 70 በመቶ ላይ አስቀምጡ ይላሉ፤ ያ ልክ ለነጭ ቆዳ የወጣ ነው። የጠይም ሰው ፊት እዚያ ድረስ ሲነሳ ወዙ ይጠፋል፣ አመድ ይመስላል። ከ30 እስከ 50 መካከል ተዉትና ግንባሩና ጉንጩ ላይ ያለችውን ብልጭታ ጠብቁ፤ የጥቁር ቆዳ ቅርጹ የሚነበበው በዚያች ነጸብራቅ ነው። ጥላው ላይ ሰማያዊ መጨመር ፋሽን ነው፤ ፊት ላይ ከደረሰ ግን ሰውየው የታመመ ይመስላል።

ነጠላ ከጠይም ፊት ጋር ሲሆን ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ከባድ ነው። ጌይኑን (የብሩሁን ክፍል መቆጣጠሪያ) በጠቅላላ ከማውረድ ይልቅ የከርቩን (የብርሃን መስመሩን) የላይ ጫፍ ወደ ታች አጉብጡት፤ ነጩ ላይ ያለው ሽንሽን ይመለሳል፣ ፊቱ አይነካም። የሐረሪ ቀሚስና የመደቡ ቀይ ደግሞ ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) ሲበዛበት ልሙጥ ሆኖ ጥልፉም እጥፋቱም ይጠፋል፤ ቀዩን ለይታችሁ ሳቹሬሽኑንና ብርሃኑን አንድ ላይ ቀንሱ።

መግቢያው

ፖስት ፕሮዳክሽን ቤቶች (ከቀረጻ በኋላ ያለውን ሥራ የሚሠሩት) የሚቀጥሩት መጀመሪያ በራነርነት ነው፤ ቡና ማቅረብ፣ ዲስክ ማመላለስ፣ ክፍል ማዘጋጀት። ከዚያ ፋይል መቀበያና ማውጫ ክፍል፣ ከዚያ የከለሪስት ረዳትነት ይከተላል። አለቃን በስሙ መጥራት ለድሬ ልጅ አይከብድም፣ ሽማግሌውንም «አንተ» እያለ ነው ያደገው። የሚከብደው ዝምታው ነው፤ ዳይሬክተሩ ክፍሉ ውስጥ ሳለ ራነር ስለ ቀለም አስተያየት አይሰጥም።

የረዳቱ ዋና ሥራ ኮንፎርም ይባላል፦ ኤዲተሩ በቀላል ፋይል የሠራውን ከዋናው የካሜራ ፋይል ላይ እንደገና መገንባት። ከኤዲተሩ ኤክስኤምኤል ወይም ኤኤኤፍ (የኤዲቱ ዝርዝር የሰፈረበት ፋይል)፣ ከሱ ጋር የጨረሰውን ሙሉ ቪዲዮ ጠይቁ። ፕሮጀክቱን ስትከፍቱ ፍሬም ሬቱን (በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሆነ) መጀመሪያ አስተካክሉ፤ ፋይል ካስገባችሁ በኋላ ሪዞልቭ አያስለውጣችሁም። ከዚያ የኤዲተሩን ቪዲዮ ከላይ አድርጋችሁ በዲፈረንስ (የሁለቱን ምስል ልዩነት ብቻ በሚያሳየው ሞድ) አስተያዩት፤ የተመሳሰለው ጥቁር ይሆናል፣ ያልተመሳሰለው ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚበላሹት ፍጥነታቸው የተቀየረ፣ የተጎተቱና የተገለበጡ ሾቶች ናቸው። ጥቁሩ ድንገት ከገረጣ ወይም ከተዋጠ፣ ሙሉ ደረጃና የቪዲዮ ደረጃ (ጥቁርና ነጭ በፋይሉ ውስጥ የሚመዘገቡባቸው ሁለት መንገዶች) ተምታተው ገብተዋል።

ለጣቢያ ሲወጣ ደንቡ ጥብቅ ነው። በአውሮፓ የስርጭት ጣቢያዎች ኅብረት (ኢቢዩ) ያወጣው አር 103 የቀዩ፣ የአረንጓዴውና የሰማያዊው ምልክት ከ−5 እስከ 105 በመቶ እንዲቆይ ይጠይቃል። ብሪታንያ ውስጥ ፕሮግራሙ በታይምኮድ (በቪዲዮው ላይ በሚቆጥረው ሰዓት) 10:00:00:00 ላይ ይጀምራል፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ተመልካች የሚጎዳ ብልጭታ እንዳይኖረው የብልጭታ ፈተናም ማለፍ አለበት። ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ አዲስ ገቢ ብርቅ ነው።

ሾው ሪላችሁ (የሥራ ማሳያ ቪዲዮአችሁ) ከ90 ሰከንድ አይብለጥ። ከየቦታው የተለቃቀመ ቆንጆ ምስል የሚያሳምነው ጥቂት ነው፤ ያንን የከፊራ ትዕይንት ስምንቱንም ሾት አመሳስላችሁ በተከታታይ አሳዩ፣ ሥራው በአብዛኛው ማመሳሰል ነውና።

ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት ቪዛችሁን አንብቡ። በብሪታንያ የተማሪ ቪዛ በግል ሥራ ተሰማርቶ ደረሰኝ ቆርጦ መሥራት ክልክል ነው፤ በአሜሪካ ኤፍ 1 ቪዛም ያለ ፈቃድ ከግቢ ውጭ መሥራት አይቻልም፣ «ለጓደኛ ነው» ማለት አያድንም። ከተፈቀደላችሁ የፊልም ተማሪዎችን አጭር ፊልም በትንሽ ዋጋ ውሰዱ፤ ውሉ ላይ ግን ሁለት ዙር እርማት በዋጋው ውስጥ እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ ያለው በሰዓት እንደሚታሰብ፣ ኤዲቱ ግሬድ ከተጀመረ በኋላ ቢቀየር የኮንፎርም ክፍያ እንዳለው በግልጽ ጻፉ።