ከባርሴሎና ወደ ካቫ ሀገር፦ የአንድ ቀን ጉዞ እንዴት ይታቀዳል

ባርሴሎና ከሄዳችሁ አንዷን ቀን ለፔኔዴስ ስጧት። የስፔን አረፋማ ወይን፣ ካቫ፣ በብዛት የሚመረተው እዚያ ነው። አስጎብኚ ድርጅት አያስፈልጋችሁም። መኪናም አትከራዩ፤ ልትጠጡ ነው የምትሄዱት።

መጀመሪያ የካቫ ፋብሪካ ጉብኝቱን ኢንተርኔት ላይ ያዙ። ቀኑ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ጉብኝቶች ሰዓታቸው ጥቂት ስለሆነ ዝም ብሎ ደርሶ መግባት ብዙ ጊዜ አይቻልም። በእኛ አቆጣጠር ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያለውን ምረጡ። ከሰዓት በኋላ ያለውን ከያዛችሁ ምሳ ያመልጣችኋል፤ የአካባቢው ሰዎች፣ ካታላኖች፣ ምሳ የሚበሉት ከ7 ሰዓት በኋላ ነው፣ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ደግሞ ወጥ ቤቱ ይዘጋል። እሁድ ከሰዓት ብዙው ነገር ዝግ ነው። ደግሞ በቀን አንድ ቦታ ይበቃል፤ ሁለተኛው ላይ ምላስ ደክሞ ጣዕም መለየት ያቅተዋል።

ባቡሩ ኤር 4 (R4) ይባላል። ባርሴሎና ውስጥ ከፕላሳ ካታሉኛ ወይም ከሳንትስ ጣቢያ ተሳፍራችሁ ፔኔዴስ ውስጥ ባለችው ከተማ ሳንት ሳዱርኒ ደኖያ ትወርዳላችሁ፤ አንድ ሰዓት አይሞላም። ወደ ማንሬሳ የሚሄደውም ኤር 4 ስለሆነ አቅጣጫውን እዩ። የመስመር ጥገና ስለሚበዛ ጠዋት የባቡሩን አፕ ሳታዩ አትውጡ። ከካቫ ፋብሪካዎቹ ፍሬሼኔት የሚባለው ከጣቢያው አጠገብ ነው። እኔ ግን ትንሽ መንገድ ቢኖረውም ኮዶርኒዩን እመርጣለሁ፤ አርክቴክቱ ፑይግ ካዳፋልክ የሠራው ሕንፃ ብቻውን ያስኬዳል።

ካቫው የሚቀመጥበት ምድር ቤት ውስጥ አትቸኩሉ። ወይኑ እርሾና ስኳር ተጨምሮበት ጠርሙሱ ውስጥ ታሽጎ ሁለተኛ ጊዜ ይፈላል፤ አረፋው የሚመጣው ከዚያ ነው። ከዚያ ጠርሙሱ ቀስ በቀስ እየተዞረ አንገቱ ወደ ታች ይዘቀዘቃል፣ አተላው ክዳኑ ጋ ይሰበሰባል። አንገቱን ያቀዘቅዙትና ሲከፍቱት በረዶ የሆነው አተላ በራሱ ግፊት ተስፈንጥሮ ይወጣል። የሚያሳያችሁ ካለ ቀርባችሁ እዩ።

ስትቀምሱ መጨረሻ ላይ ስኳር ካልተጨመረበት፣ ብሩት ናቱሬ ከሚለው ጀምሩ። ጣፋጩ ከቀደመ ሌላው ሁሉ መራራ ይሆንባችኋል። ተራው ካቫ ጠርሙሱ ውስጥ ቢያንስ 9 ወር፣ ሬዜርቫ 18 ወር፣ ግራን ሬዜርቫ 30 ወር ይቆያል። ልዩነቱ በአፍንጫ ይታወቃል፤ የቆየው ትኩስ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ገንዘባችሁን እሱ ላይ አውጡ።

ለምሳ የዕለቱን ሜኑ ጠይቁ፤ እየመረጡ በተናጠል ከማዘዝ በጣም ይረክሳል። በክረምት ከሄዳችሁ ካልሶት አይለፋችሁ። ባሮ ሽንኩርት የሚመስል ነው፣ በእሳት ነበልባል እስኪጠቁር ይጠበሳል። የተቃጠለውን ልጣጭ በእጅ ሳብ አድርጋችሁ፣ ነጩን የአልሞንድና የቲማቲም ስጎ ውስጥ ነክራችሁ፣ አንጋጣችሁ መጉረስ ነው። ጾም ላይ ከሆናችሁ ቲማቲምና የወይራ ዘይት የተቀባ ዳቦ፣ ወይም የተጠበሰ ደበርጃንና ቃሪያ የሆነው እስካሊባዳ አለ፤ ዓሣ ጣል የሚያደርጉበት ስላሉ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ጠርሙስ ከገዛችሁ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በልብስ ጠቅልሉት። በእጅ ከያዛችሁት ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ይቀራል።