የጃፓን የእንጨት ህትመቶችን በኮምፒውተር ስናድስ የምናበላሸው ነገር

ቆየት ያለ የጃፓን የእንጨት ህትመት (ጣውላ ላይ ተቀርጾ፣ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል) ስካን ተደርጎ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት እጅን ይበላል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ሰማዩ ፈዟል፣ ጠርዙን ብል በልቶታል። ቶሎ አጽድቶ ለኤግዚቢሽን ማድረስ ያጓጓል። ብዙው ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ጥድፊያ ላይ ነው።

የከፋው ስህተት ቀለሙን ሁሉ በአንዴ ማድመቅ ነው። ቀለሞች እኩል አያረጁም። ጃፓናዊው ሠዓሊ ሆኩሳይ በ1831 እ.ኤ.አ. ገደማ የሠራውን «ታላቁ ማዕበል» ተመልከቱ። የፕሩሺያ ሰማያዊ የሚባለው ሰው ሠራሽ ቀለም ዛሬም አልከዳም። ከማዕበሉ በላይ የነበረው ስስ ሮዝ ደመና ግን በብዙዎቹ ቅጂዎች ላይ ብርሃን በልቶት ጠፍቷል። ሁሉንም አብረን ስናደምቅ ሰማያዊው ዓይን ይወጋል፣ የሄደው ሮዝ ግን አይመለስም። ከፕሩሺያ ሰማያዊ በፊት ከአበባ ይወጣ የነበረው ሰማያዊማ ሲከዳ ወደ ቢጫማ ቡኒ ይለወጣል። ዛሬ አሸዋ የሚመስለን ወንዝ ያኔ ሰማያዊ ኖሮ ይሆናል!

ታዲያ በምን እንወቅ? ብርሃን ያልነካውን ቅጂ በማየት። አሜሪካውያኑ ሰብሳቢዎች የስፖልዲንግ ወንድማማቾች በ1921 እ.ኤ.አ. ወደ 6,500 የሚሆኑ ህትመቶችን ለቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሲሰጡ፣ ለዕይታ እንዳይቀርቡ የሚል ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠው ነበር። ያ ክልከላ ቀለማቸውን አተረፈ። ምስላቸውን ዛሬ በሙዚየሙ ድረ ገጽ ማየት ይቻላል።

ማየት ሌላ፣ ከሌላ ቅጂ ቆርጦ መለጠፍ ሌላ። አታሚው ቀለሙን ጣውላው ላይ በእጁ እያሳሳ ነበር የሚያትመው፤ የሌላው ጃፓናዊ ሠዓሊ የሂሮሺጌ የዝናብ ደመና ጥቁረት ከቅጂ ቅጂ የሚለያየው ለዚህ ነው። ሁለት ቅጂ ሲቀላቀል ማንም ያላተመው ሥዕል ይወለዳል። የተቆረጠ መስመር መቀጠልም እንዲሁ ነው። «ታላቁ ማዕበል» ላይ የርዕሱን ሣጥን አጉልታችሁ እዩት። በኋለኞቹ ቅጂዎች የሣጥኑ መስመር ይቆራረጣል። ጣውላው እየተበላ መሄዱን የሚነግረን እሱ ነው። ቀጠልነው ማለት ታሪኩን ደመሰስነው ማለት ነው።

ወረቀቱን እንደ ፎቶኮፒ ወረቀት ነጭ አታድርጉት። ከእንጆሪ ዛፍ (መልበሪ) ዘመድ ልጥ የተሠራ ነው፣ ሲወለድም ሞቅ ያለ መልክ አለው። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ያለ ቀለም በግፊት ብቻ የወጣ የበረዶ ወይም የኪሞኖ ጥለት አለ። ይህ የሚታየው ብርሃን ከጎን ሲመጣ ነውና ስካን ብቻ አይበቃም፤ ከጎን አብርታችሁ ፎቶ አንሱት።

ኤአይ ምስል ማጉያም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰማዩ ላይ የታተመውን የእንጨት ጅማት ቆሻሻ መስሎት ያጸዳዋል። የጃፓንኛ ፊደሉን ደግሞ ፊደል የሚመስል ጭረት ያደርገዋል።

አዳራሹ ውስጥም የታደሰውን ምስል በሚያበራ ስክሪን ከዋናው አጠገብ አትስቀሉ። ዋናው እንዳይጎዳ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) በሚሆን ደብዛዛ ብርሃን ነው የሚቀመጠው፣ መጠኑም 25 በ37 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከስክሪኑ የመጣ ዓይን የሞተ ወረቀት ነው የሚያየው። ስክሪኑን ወደ መውጫው አድርጉት፤ ሰው መጀመሪያ ወረቀቱን ይይ።