የኤንኤፍኤል ቡድኖች በድራፍት የመረጧቸውን ተጫዋቾች እንዴት መገምገም ይቻላል?

የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ድራፍት ቅዳሜ ሲያልቅ፣ እሁድ ጠዋት ለ32ቱም ቡድኖች ውጤት ተሰጥቶ ታገኛላችሁ፤ ለአንዱ «ኤ»፣ ለሌላው «ዲ»። ከተመረጡት ልጆች ግን አንዱም ገና አንድ የሊግ ጨዋታ አልተጫወተም። በ2012 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሲያትል ሲሆክስ ከአንዳንድ ተንታኞች የመጨረሻውን ዝቅተኛ ውጤት ተቀብሎ ነበር። ያ ቡድን በዚያ ድራፍት ቦቢ ዋግነርን በ47ኛ፣ ራስል ዊልሰንን በ75ኛ ተራ ወስዷል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በእነዚሁ ልጆች ዴንቨርን 43 ለ 8 አሸንፎ ሱፐር ቦውልን (የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ ዋንጫ) አነሳ።

ይህ ማለት ግን በምርጫው ዕለት ምንም ማለት አይቻልም ማለት አይደለም። ይቻላል፤ የሚመዘነው ነገር ግን ሌላ ነው። በዕለቱ የሚመዘነው ውሳኔው ነው፤ ተጫዋቹ የሚመዘነው ከዓመታት በኋላ ነው። ሁለቱን ሒሳቦች ለየብቻ የያዘ ሰው ከብዙ ባለሙያ የተሻለ ግምገማ ማድረግ ይችላል ብዬ አምናለሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. መጀመሪያ ሥርዓቱን እወቁ

ድራፍት ቡድኖቹ ከኮሌጅ የሚመጡ ተጫዋቾችን ተራ በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። በ1936 ተጀመረ። ዛሬ 7 ዙር አለው፣ ሦስት ቀን ይፈጃል፣ 260 ገደማ ተጫዋቾች ይመረጡበታል። ባለፈው የውድድር ዓመት መጨረሻ የወጣው ቡድን የመጀመሪያውን ተራ ያገኛል፤ ሻምፒዮኑ የዙሩ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ተራ ደግሞ እንደ ማንኛውም ንብረት ይለወጣል፤ የዘንድሮን ብቻ ሳይሆን የሚቀጥሉትን ዓመታት ተራ አሳልፎ መስጠትም ይፈቀዳል።

ከሁሉ በላይ ልብ ልትሉት የሚገባው ገንዘቡን ነው። በ2010 በአንደኛ ተራ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ የ6 ዓመት የ78 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሟል። በቀጣዩ ዓመት ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር ባደረጉት አዲስ ስምምነት የጀማሪዎች ደመወዝ በተመረጡበት ተራ እንዲወሰን ተደረገ፤ የዚያው ዓመት አንደኛ ተመራጭ ካም ኒውተን ለ4 ዓመት 22 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው ያገኘው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ቡድን በድራፍት የሚገዛው የአራት ዓመት ርካሽ አገልግሎት ነው (ለመጀመሪያው ዙር ተመራጮች ቡድኑ አምስተኛ ዓመት የመጨመር መብት አለው)። የደመወዝ ጣሪያ ባለበት ሊግ ጥሩ ኳርተርባክን (ማጥቃቱን የሚመራውንና ኳሱን የሚወረውረውን ተጫዋች) በጀማሪ ደመወዝ ማሰለፍ፣ የተረፈውን ገንዘብ ለሌሎች ተጫዋቾች ማዋል ማለት ነው።

2. የተከፈለውን ዋጋ አስሉ

ቡድኑ ተራ ከለወጠ፣ ስለ ተጫዋቹ ከማውራታችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ አንሡ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዳላስ ካውቦይስ አሰልጣኝ በነበረው በጂሚ ጆንሰን ስም የሚጠራ የነጥብ ሰንጠረዥ አለ። በእሱ መሠረት 1ኛ ተራ 3,000 ነጥብ ነው፤ 2ኛው 2,600፣ 6ኛው 1,600፣ 16ኛው 1,000፣ 32ኛው 590። ከዚያ በኋላ የወጡ የተሻሻሉ ሰንጠረዦች አሉ፤ ለመነሻ ግን ይህ ይበቃል።

በዋሽንግተን 2012 እንሞክረው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የቆዩ ወገኖቻችን ይህን ታሪክ በቅርብ ያስታውሱታል። ዋሽንግተን ሮበርት ግሪፈን ሣልሳዊን ለመውሰድ ራምስ ከተባለው ቡድን 2ኛውን ተራ ፈለገ። የሰጠው የዚያን ዓመት 6ኛና 39ኛ ተራ፣ በላዩም የ2013ንና የ2014ን የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ነው።

6ኛው 1,600፣ 39ኛው 510፤ ድምሩ 2,110። ለ2,600 የጎደለው 490 ብቻ ነው። ይህን 490 ለመሙላት ሁለት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ተሰጡ። ዋሽንግተን ሁለቱንም ዓመት ሻምፒዮን ሆኖ ምርጫዎቹ 32ኛ ላይ ቢውሉ እንኳ እያንዳንዳቸው 590 ናቸው። ድምሩ 3,290 ይሆናል፤ ከአንደኛው ተራ ዋጋ ይበልጣል።

ቡድኖች ግን እንዲህ አያሰሉም። የሚቀጥለውን ዓመት ምርጫ አንድ ዙር ዝቅ አድርገው የመቁጠር ልማድ አላቸው። በዚህ ስሌት የ2013ቱ እንደ ሁለተኛ ዙር አጋማሽ (420)፣ የ2014ቱ እንደ ሦስተኛ ዙር አጋማሽ (190) ይቆጠራል፤ ድምሩ 2,720 ነው፣ ለ2,600 የሚቀራረብ። ታዲያ የትኛው ልክ ነው? እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ተጫዋቾቹን የሚመርጠው ሥራ አስኪያጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ሊባረር ስለሚችል የወደፊቱን ያረክሳል፤ ክለቡና ደጋፊው ግን በ2014ም እዚያው ናቸው፤ ያኔም ተጫዋች ይፈልጋሉ።

እንግዲህ በዕለቱ ሊጻፍ የሚገባው ፍርድ «ዋጋው ከባድ ነው፤ ልጁ ለብዙ ዓመት ኮከብ ካልሆነ አይመልሰውም» የሚል ነው። ግሪፈን ለኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ሽልማት በ2011 ያሸነፈ ድንቅ ልጅ መሆኑም፣ ኮሌጅ ሳለ በ2009 የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ እንደነበርም ያን ጊዜ የታወቀ ነው። ሁለቱም ይጻፉ።

3. የሚጫወትበት ቦታ ያን ያህል ያወጣል?

በገበያው ውድ የሆኑ ቦታዎች አሉ፦ ኳርተርባክ፣ ኳርተርባክን የሚያጠቁ የመስመር ተከላካዮች፣ እሱን ከጥቃት የሚጠብቁ ታክሎች፣ የተወረወረውን ኳስ የሚቀበሉ ዋይድ ሪሲቨሮች፣ እነሱን የሚከላከሉ ኮርነርባኮች። በእነዚህ ቦታዎች ብቁ ተጫዋች ከሌላ ቡድን ለመግዛት ብዙ ሚሊዮን ይጠይቃል፤ ስለዚህ በድራፍት ማግኘት ትልቅ ትርፍ ነው። በሌሎቹ ቦታዎች ትርፉ ያንሳል። ታምፓ ቤይ በ2016 ሁለት ምርጫዎች ሰጥቶ ወደ 59ኛ ተራ ከፍ በማለት ሮቤርቶ አጉዋዮን ወሰደ፤ ልጁ ኳስ በእግር መቺ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሊጉ ሳይጀመር ተሰናበተ። ጥሩ ቢመታ ኖሮም ሁለተኛ ዙር የሚያስከፍል ቦታ አልነበረም፤ ይህን በዕለቱ መናገር ይቻል ነበር።

4. ማንን ትተው መረጡ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ከዓመታት በኋላ ተነሥቶ «ቶም ብሬዲን ትተው እነማንን መረጡ!» ማለት ቀላል ነው። ብሬዲ በ2000 የተመረጠው በ199ኛ ተራ ነው። ኒው ኢንግላንድ ራሱ ከእሱ በፊት ስድስት ሌሎች ተጫዋቾችን መርጧል። ሁሉም ያለፈውን ተጫዋች አንዱን ቡድን ለይቶ መውቀሻ ማድረግ ፍትሕ የለውም።

ትክክለኛው ንጽጽር ጠባብ ነው፦ በዚያው ቦታ የሚጫወት፣ በቅርብ ተራ የተወሰደ ሌላ ተጫዋች። በ2020 ፊላዴልፊያ ኢግልስ ዋይድ ሪሲቨር ፈልጎ በ21ኛ ተራ ጄለን ሬገርን መረጠ። ሚኒሶታ ወዲያው በ22ኛው ጀስቲን ጄፈርሰንን ወሰደ። አንድ ቦታ፣ አንድ ምሽት፣ የአንድ ተራ ልዩነት። ጄፈርሰን ከሊጉ ታላላቅ ሪሲቨሮች አንዱ ሲሆን ሬገር ከሁለት ዓመት በኋላ ወደዚያው ወደ ሚኒሶታ ተለወጠ። ይህ ስሕተት በትክክል የፊላዴልፊያ ነው።

ያው ፊላዴልፊያ ግን በማግስቱ በ53ኛ ተራ ጄለን ኸርትስን መረጠ። ካርሰን ዌንትዝን የመሰለ ውድ ኳርተርባክ ስለነበረው ብዙ ሰው ምርጫውን ነቀፈው። በየካቲት 2025 ኸርትስ ካንሳስ ሲቲን 40 ለ 22 ባሸነፉበት ሱፐር ቦውል የጨዋታው ኮከብ ተባለ።

5. ሦስት ዓመት ጠብቁ፣ ከዚያ ቁጠሩ

ከሦስት የውድድር ዓመት በፊት የተጫዋቹን ሒሳብ አትዝጉ። ሲደርስ የሚከተሉትን ተመልከቱ፦ በስንት ጨዋታ ቋሚ ተሰላፊ ሆነ? መራጩ ቡድን ሁለተኛ ውል ሰጠው ወይስ ለቀቀው? በሌላ ቡድን ዋጋ አገኘ? ፕሮ ፉትቦል ሪፈረንስ የተባለው የስታቲስቲክስ ድረ ገጽ ለእያንዳንዱ ተጫዋች በየዓመቱ የሚሰጠው «አፕሮክሲሜት ቫልዩ» የተባለ ግምታዊ ነጥብም አለ፤ በተለያየ ቦታ የሚጫወቱትን ለማነጻጸር ይረዳል። ሁሉንም ግን ከተመረጠበት ተራ ጋር አዛምዱት። በስድስተኛ ዙር ተመርጦ ሁለት ዓመት ቋሚ የተሰለፈ ትርፍ ነው፤ በሦስተኛ ተራ ተመርጦ ያንኑ ያህል የሠራ ኪሳራ ነው።

ወደ ዋሽንግተን እንመለስ። በመጀመሪያው ዓመት ግሪፈን የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተባለ፤ ቡድኑም 10 ጨዋታ አሸንፎ የምድቡ ሻምፒዮን ሆነ። ያን ጊዜ ሒሳቡን የዘጋ ሰው «ኤ» ይሰጥ ነበር። ጥር 6 ቀን 2013 ከሲያትል ጋር በተደረገው ጨዋታ ያው ቀኝ ጉልበቱ ተጎዳ፤ 24 ለ 14 ተሸነፉ። በተቃራኒው በኩል ኳርተርባክ ሆኖ የቆመው በ75ኛ ተራ የተመረጠው ዊልሰን ነበር። በቀጣዩ ዓመት ዋሽንግተን 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ፤ አሳልፎ የሰጠውም የ2014 ምርጫ 2ኛ ተራ ላይ ዋለ። በታኅሣሥ 2014 ሁለቱ ቡድኖች ሲገናኙ ራምስ ለሳንቲም መጣያው ሥነ ሥርዓት ወደ መሐል ሜዳ የላካቸው ስድስት ተጫዋቾች ሁሉም በዚያ ልውውጥ የተገኙ ነበሩ። ጨዋታው በራምስ 24 ለ 0 አሸናፊነት አለቀ።

ግን እዚህም ተጠንቀቁ። ራምስ ልውውጡን አሸነፈ እንጂ ምርጫውን ሁሉ አላሸነፈም። በ2ኛው ተራ የወሰደው ታክል ግሬግ ሮቢንሰን ሳይሳካለት ቀርቶ በ2017 በስድስተኛ ዙር ምርጫ ተለወጠ። ዋሽንግተን ደግሞ በዚያው የ2012 ድራፍት በአራተኛ ዙር፣ በ102ኛ ተራ፣ ከርክ ከዝንስን መርጦ ነበር፤ ከ2015 እስከ 2017 ቋሚ ኳርተርባኩ የሆነው እሱ ነው። ልውውጡ፣ ተራው፣ ሰውየው፤ ሦስቱም የየራሳቸው ውጤት ይገባቸዋል።

6. ተጫዋቹ የተቀበለውን ቤትም መዝኑ

ካንሳስ ሲቲ በ2017 ከ27ኛ ወደ 10ኛ ተራ ከፍ ብሎ ፓትሪክ ማሆምስን ሲወስድ አሌክስ ስሚዝ የተባለ ልምድ ያለው ኳርተርባክ ነበረው። ማሆምስ በመጀመሪያው ዓመት የተሰለፈው በአንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ቺካጎ በዚያው ድራፍት ምርጫዎች ሰጥቶ ከ3ኛ ወደ 2ኛ ከፍ በማለት ሚቸል ትሩቢስኪን ወስዷል፤ ልጁ በአምስተኛው ጨዋታ ገባ። ማሆምስ ቺካጎ ቢሄድ ምን ይሆን እንደነበር ማንም ማረጋገጥ አይችልም። ቡድኑ ለተጫዋቹ ያዘጋጀው አሰልጣኝና ጊዜ ግን የምርጫው አካል ነው፤ ገምጋሚው አብሮ ይጻፈው።

7. ሥራ አስኪያጁን በአንድ ምርጫ አትፍረዱበት

ተመራማሪው ኬድ ማሲ እና በ2017 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያሸነፈው ሪቻርድ ቴለር ባደረጉት ጥናት፣ ቀድሞ የተመረጠ ተጫዋች በዚያው ቦታ ከእሱ ቀጥሎ ከተመረጠው የተሻለ ሆኖ የሚገኘው 52 በመቶ ያህል ጊዜ ብቻ ነው። መልማዮች ለወራት ፊልም ሲያዩና ልጆችን ሲያናግሩ ከርመው ይህ ከሆነ፣ በሁለት ተጫዋቾች ልዩነት ከልክ በላይ መተማመን አደገኛ ነው። ለአንድ ልጅ ብዙ ምርጫ ከሚከፍል ይልቅ ብዙ ምርጫ የሚሰበስብ ቡድን በጊዜ ብዛት ይሻላል።

ሳን ፍራንሲስኮ በ2021 ሦስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችንና አንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫ ሰጥቶ 3ኛውን ተራ ወሰደና ትሬ ላንስን መረጠ፤ በነሐሴ 2023 በአራተኛ ዙር ምርጫ ለቀቀው። በመሐሉ በ2022 የድራፍቱ የመጨረሻ በሆነው 262ኛ ተራ ብሮክ ፐርዲን መርጦ ነበር፤ ፐርዲ ቡድኑን ሱፐር ቦውል አድርሷል። አንድ ሥራ አስኪያጅ ነው ሁለቱንም የመረጠው። ቢያንስ አራትና አምስት ድራፍት አንድ ላይ አድርጋችሁ እዩ።

8. ለመለማመድ

የ2024ን ድራፍት ውሰዱ። በመጀመሪያዎቹ 12 ተራዎች ውስጥ ስድስት ኳርተርባኮች ተመርጠዋል፦ ኬሌብ ዊሊያምስ 1ኛ፣ ጄደን ዳንኤልስ 2ኛ፣ ድሬክ ሜይ 3ኛ፣ ማይክል ፔኒክስ 8ኛ፣ ጄ ጄ ማካርቲ 10ኛ፣ ቦ ኒክስ 12ኛ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ክፈቱ። በግራ በኩል በምርጫው ዕለት የሚታወቀውን ብቻ ጻፉ፦ ዋጋ፣ የቡድኑ ፍላጎት፣ የጤና ታሪክ፣ በቅርብ ተራ የቀሩ ሌሎች። ለምሳሌ አትላንታ ፔኒክስን የወሰደው ያንኑ ከርክ ከዝንስን በ4 ዓመት 180 ሚሊዮን ዶላር ካስፈረመ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው፤ ይህ በግራ በኩል ይገባል። በቀኝ በኩል የየዓመቱን ተሰላፊነት፣ ጉዳትና ውል መዝግቡ። ሦስተኛው የውድድር ዓመት የ2026ቱ ነው፤ እሱ ሳያልቅ በቀኙ ገጽ ግርጌ የመጨረሻ ውጤት አትጻፉ፤ በግራው የጻፋችሁትንም አትሰርዙ።